መኪናን በክሪክ ማንሳትና በካቫሌቶ ማሳረፍ

ካቫሌቶ ከተነሳ መኪና ሥር ገብቶ ክብደቱን የሚሸከም፣ ሦስት ወይም አራት እግር ያለው የብረት መቆሚያ ነው። ስሙ እንደ ክሪክ፣ እንደ ካምቢዮና እንደ ፍሪሲዮን ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገባ ነው። በጋራዥ ውስጥ የተለመደ ዕቃ ይሁን እንጂ በግቢው ዘይት የሚቀይር ወይም የፍሬን ሸራ የሚፈታ ባለመኪና አብዛኛውን ጊዜ ክሪክ ብቻ ይዞ ነው ሥራ የሚጀምረው። አደጋው የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ክሪክ የተሠራው ለማንሳት ነው፤ ተሸክሞ መቆየት የእሱ ሥራ አይደለም። በዘይት ግፊት የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1851 በኒው ዮርኩ ሪቻርድ ዳጀን የፈጠራ መብት ከተመዘገበለት ወዲህ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም። በትንሽ ፒስተን የተገፋ ዘይት ትልቁን ፒስተን ያነሳል፤ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው አንድ ቫልቭና ጥቂት ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያ፣ ነው። ጎሚኒው ሲያረጅ ወይም ቫልቩ ላይ ቆሻሻ ሲገባ ክሪኩ ቀስ እያለ ሊወርድ፣ አለዚያም ባንድ ጊዜ ሊለቅ ይችላል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው፣ እንደ መቀስ የሚታጠፈው ክሪክ ደግሞ ዘይት ባይኖረውም መቀመጫው ጠባብ ነው፤ መኪናው አንድ ስንዝር ቢንሸራተት ይጋደማል። የተሠራው መንገድ ላይ ጎማ ለመቀየር ብቻ ነው።

ካቫሌቶ ግን ዘይት የለውም፤ ክብደቱን ብረት በብረት ላይ ያሳርፋል። ሁለት ዓይነት በብዛት ይታያል፦ አንዱ ጥርስ ባለው ዘንግና ጥርሱን በሚይዝ ምላስ የሚቆም፣ ሌላው በቀዳዳ ውስጥ በሚያልፍ ወፍራም ፒን የሚቆለፍ። ባለ ጥርሱ ለመጠቀም ፈጣን ቢሆንም ሁሉም ነገር በምላሷ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ሃርበር ፍሬይት የተባለው የመሣሪያ መደብር ፒትስበርግ በሚል ስም የሸጣቸውን ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን ካቫሌቶዎች፣ በድምሩ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚሆኑትን፣ ከገበያ እንዲመለሱ ጠርቷል፤ ምላሷ ጥርሱን በበቂ ጥልቀት የማትይዝባቸው ነበሩ። በምትካቸው ከተሰጡት አንዳንዶቹም በብየዳ ጉድለት እንደገና ተጠርተዋል። እዚያ የምትኖሩና አሮጌ ካቫሌቶ ጋራዣችሁ ውስጥ ያለ ሁሉ ዕቃው ላይ የተጻፈውን አገላብጣችሁ ተመልከቱ። በእኔ እምነት ለቤት ባለ ፒኑ ይሻላል፤ መቆለፉ በዓይን ይታያል።

እኛ አገር በብየዳ ቤት የሚሠራም አለ። ቱቦው ወፍራም፣ እግሮቹ ሰፊ፣ ብየዳው ዙሪያውን የተዘጋ ከሆነ ያገለግላል፤ የተሰነጠቀ ብየዳ የታየበት ግን ከእንግዲህ ሰው ሥሩ የሚተኛበት ዕቃ አይደለም። አንድ ቪትዝ ወደ 1 ቶን፣ ሃይሉክስ ወደ 2 ቶን ይመዝናል። ካቫሌቶው ላይ የተጻፈው ቶን ለአንዱ ነው ወይስ ለጥንዱ የሚለውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ በሁለቱም መንገድ የሚጽፉ አምራቾች አሉ።

ብሎኬት ፈጽሞ አይሆንም። ግድግዳ ውስጥ ሸክሙ ተሰራጭቶ ሲያርፍበት ይችላል፤ በአንድ ጠባብ ብረት ሲወጋ ግን ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ብረት ሲጎብጥ ይታያል፣ እንጨት ሲሰነጠቅ ይጮሃል፤ ብሎኬት ምልክት አይሰጥም። የተደራረበ ድንጋይም እንዲሁ ነው።

መሬቱ የካቫሌቶውን ያህል ይወስናል። ጠፍጣፋ ሊሾ ከሁሉ ይሻላል። ኮብልስቶን ላይ አንዱ እግር በድንጋዮቹ መካከል ይገባል፤ በክረምት የረጠበ አፈር ይሰምጣል፤ አስፋልትም በጠራራ ፀሐይ ይለሰልሳል። ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ወይም የብረት ሳህን ማንጠፍ ይህን ያቃልላል። ተዳፋት ላይ ግን መፍትሔ የለም፤ ሥራው ሌላ ቦታ ይሠራ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍሬኑ ላይ ነው። የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች የኋላ ጎማዎችን ብቻ ይይዛል። እንደ ሃይኤስ ሚኒባስ ያለ በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ኋላው ሲነሳ የእጅ ፍሬኑም ማርሹም አየር ላይ ያሉትን ጎማዎች ይዘው ይቀራሉ፤ መሬት የነኩት የፊት ጎማዎች በነፃነት ይሽከረከራሉ። ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ በሚያደርገው ዲፈረንሻል ምክንያት ከሚነዱት ጎማዎች አንዱ ብቻ ቢነሳ እንኳ ማርሽ ላይ መተው አያስተማምንም። መፍትሔው ታኮ፣ ማለትም ጎማው እንዳይንከባለል የሚወተፍ ሽብልቅ፣ ነው፦ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትም ኋላም፣ ተጨቁኖ የገባ።

የጎማ ዳዶ መላላት ያለበት መኪናው ሳይነሳ ነው፤ የተነሳን መኪና በረጅም ቁልፍ መታገል ከካቫሌቶው ላይ መግፋት ነው። ከዚያ ክሪኩ በአምራቹ መመሪያ በተጠቀሰው ቦታ ይገባል። በትናንሽ መኪኖች ይህ በበሩ ሥር ያለው፣ በሁለት ቆረጥ ምልክት የተለየው ጠንካራ የቦዲ ጠርዝ ነው፤ በሃይሉክስ ኋላ ካቫሌቶዎቹ በባሌስትራው (በተደራራቢው የብረት ሞላ) አጠገብ ከአክሱሉ ሥር ይቆማሉ። የሞተር ዘይት ቋትና የመኪናው ወለል ሸክም አይችሉም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ እየበዙ ባሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ይበልጥ ይከብዳል፤ ወለላቸው ራሱ ባትሪ ነው፤ ክሪክ ያለቦታው ከገፋው ጉዳቱ እሳት እስከ ማስነሳት ሊደርስ ይችላል።

ካቫሌቶዎቹ ከተቆለፉ በኋላ መኪናው ቀስ ብሎ ያርፍባቸዋል። ሥሩ ከመግባት በፊት ከጎን በሁለት እጅ ገፍቶ መነቅነቅ ግድ ነው፤ መውደቁ ካልቀረ ማንም ሥሩ ሳይኖር ይውደቅ። የተፈታው ጎማ ከቦዲው ሥር ተጋድሞ ይቀመጥ፤ ሁሉም ነገር ቢከዳ የሰው ደረት የሚያህል ክፍተት ይተርፋል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሥራው መጀመሩን ይወቅ፤ ልጆችም ይራቁ። ደረቱ የተጫነ ሰው መተንፈስ ስለማይችል ለመጮህም አቅም አይኖረውም።

ሲጨረስ ክሪኩ መኪናውን ጥቂት ከፍ ያደርጋል፣ ካቫሌቶዎቹ ይወጣሉ፣ ቫልቩ በዝግታ ይከፈታል። ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ዳዶዎቹ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት እየተዘለለ ይጠብቃሉ፤ ታኮው የሚነሳውም ከዚያ በኋላ ነው።