«ስሙን ሰርዘነዋል» መልስ አይሆንም

የአካባቢ ጥናት ማመልከቻ መገምገም ሥራዬ ነው። በየማመልከቻው የምትመላለስ አንዲት መስመር አለች፦ «የመረጃ ሰጪዎቹ ስም ስለሚሰረዝ በማኅበረሰቡ ላይ ጉዳት አይደርስም።» ባየኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል። የምከራከረው ስለ መረጃ ሉዓላዊነት ነው፤ ማለትም ስለ አንድ ማኅበረሰብ የተሰበሰበ መረጃ እንዴት እንደሚያዝና ለምን እንደሚውል የሚወስነው ራሱ ማኅበረሰቡ ይሁን ስለሚለው ሐሳብ። ወደዚያች መስመር ከመሄዴ በፊት ተከትለዋት የሚመጡትን ትንንሽ ሰበቦች ላሰናብት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የመረጃ ሉዓላዊነት መረጃ መደበቅ ነው።» አይደለም፤ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለውን ማን ይወስን ነው ነገሩ። ሁሉንም እንከፍታለን ያለ ማኅበረሰብም ወስኗል።

«የሰሞኑ ፋሽን ነው።» በካናዳ ፈርስት ኔሽንስ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ባለቤትነት፣ ቁጥጥር፣ ተደራሽነትና ይዞታ የሚሉትን መርሆዎች ያስቀመጡት በ1998 ነው።

«ከክፍት ሳይንስ ጋር ይጋጫል።» የምርምር መረጃ ለሁሉም ክፍት ይሁን ለሚሉት መመሪያ የሆኑት የ2016ቱ «ፌር» መርሆዎች የሚያወሩት ፋይሉ እንዲገኝና ዳግም እንዲያገለግል ነው። በ2019 የወጡት የነባር ሕዝቦች «ኬር» መርሆዎች ደግሞ ስለ ሰዎቹ ናቸው፦ የጋራ ጥቅም፣ የመቆጣጠር ሥልጣን፣ ኃላፊነት፣ ሥነ ምግባር። የመጡት የፊተኛውን ጉድለት ሊሞሉ ነው።

«ሕግ የለውም፣ ጨዋነት ብቻ ነው።» በ2010 የጸደቀውና በ2014 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮል፣ ከዘረመል ሀብት (ከዕፅዋት፣ ከእንስሳትና ከመሳሰሉት ዘር) ጋር ለተያያዘ ባህላዊ ዕውቀት የማኅበረሰቡ ቅድመ ፈቃድ ወይም ይሁንታና ተሳትፎ እንዲኖር ይጠይቃል። ተራ ቃለ መጠይቅና ካርታ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ውጭ ይቀራሉ፤ ክፍተቱን የሚወዱት አሉ።

«አንዴ ፈርመዋል።» በአሜሪካ አሪዞና የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ ሃቫሱፓዮች፣ ለተመራማሪዎች ደም ሲሰጡ የስኳር በሽታ ሊጠናበት መስሏቸው ነበር። ናሙናው ኋላ ለስኪዞፍሬኒያና ለፍልሰት ጥናት ዋለ፤ የፍልሰቱ ጥናት ስለ አመጣጣቸው ከሚያምኑት ጋር ተጋጨ። ክሱ በ2010 በ700 ሺህ ዶላር ስምምነት ተዘጋ፣ ናሙናውም ተመለሰ። ፊርማ ለተነገረው ዓላማ ነው እንጂ ለሚቀጥለው ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናዋ። «ስሙን ሰርዘነዋል» ባዮች ጉዳት ሁልጊዜ በግለሰብ በኩል የሚመጣ ይመስላቸዋል። በዱር እንስሳትና በደን ጥበቃ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በቦታ በኩል ነው። ጎኒዩሮሳውረስ ሉዊ የተባለችው የደቡብ ቻይና ጌኮ (የእንሽላሊት ዓይነት) በ1999 በሳይንስ ስትመዘገብ የተገኘችበት ቦታ አብሮ ታተመ። ለቤት እንስሳ ገበያ የሚያድኑ ሰዎች ተከትለው ሄዱ፤ ከዚያ ቦታ ጠፋች። እዚያ ጽሑፍ ውስጥ የሚሰረዝ የመረጃ ሰጪ ስም አልነበረም።

ሰዎቹም ቢሆኑ በስም ብቻ አይታወቁም። አንድ የመድኃኒት ዕፅዋት ጥናት ሠንጠረዥ ደርሶኝ ነበር፤ በስም ፈንታ ኮድ፣ ከኮዱ ቀጥሎ ዕድሜ፣ ፆታ፣ መንደርና ሙያ። በመንደሩ ያሉት ባህላዊ አዋላጅ አንዲት እናት ብቻ ናቸው! አጥኚው «ማንም አይለያቸውም» ብሎ ተከራከረኝ። የማያውቃቸው አይለያቸውም፣ እውነት ነው። ቅጠሉን ፍለጋ የሚመጣው ነጋዴና የሚመቀኛቸው ጎረቤት ግን ያውቋቸዋል።

ኮዱ ቢሠራ እንኳ የሁሉም የጋራ ጉዳት ይቀራል። ካርታው «በዚህ ሸለቆ ሕገወጥ አደን አለ» ካለ የጥበቃው ክፍል ማን እንደተናገረ ለማወቅ አይደክምም፤ ሸለቆውን ይዘጋዋል። ለአጥኚው የነገረውም ያልነገረውም እኩል ግጦሽ ያጣል። የግለሰብ ፈቃድ ቅጽ ይህን አይሸፍንም፤ ማኅበረሰቡ እንደ ማኅበረሰብ መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቦታን ለሕዝብ ስታወጡ ነጥቡን ትታችሁ ያለበትን ሰፊ የካርታ አራት ማዕዘን ብቻ በማሳየት አደብዝዙት፤ ትክክለኛው ቅጂ ማኅበረሰቡ በመረጠው እጅ ይቀመጥ። አዲስ ጥቅም በመጣ ቁጥር ተመልሳችሁ ጠይቁ። ፋይሉ ላይ የአጠቃቀም ምልክት ይኑር፤ ሎካል ኮንቴክስትስ የተባለው ድርጅት ያዘጋጃቸው የባህላዊ ዕውቀት መለያዎች ቅድመ ሁኔታው ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲጓዝ የተሠሩ ናቸው። የደቡብ አፍሪካ ሳን ሕዝብ በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አውጥተዋል፤ ከሌላ ሕዝብ ጋር የምትሠሩ ከሆነ እነሱም የራሳቸው ደንብ እንዳላቸው መጀመሪያ ጠይቁ። ውጤቱን ከማሳተማችሁ በፊት በሚናገሩት ቋንቋ አቅርቡላቸው። እምቢ ቢሉ ከጥናቱ የትኛው ክፍል እንደሚወጣ አስቀድማችሁ ጻፉ። ለመመለሻው ጉዞም በጀት ያዙ፤ ይህ ወጪ የሌለበትን ማመልከቻ ከዚያ ገጽ አልፌ አላነበውም።