ጄቪኤም ላይ ጃቫ ብቻ ነው የሚሠራው ያለው ማነው?

የጃቫ ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ የጃቫ ቨርቹዋል ማሽን፣ ባጭሩ ጄቪኤም፣ በተነሳ ቁጥር አብረው የሚነሱ የተሳሳቱ ወሬዎች አሉ።

«ጄቪኤም የጃቫ ብቻ ነው»

ማሽኑ ጃቫ የሚባል ቋንቋ አያውቅም። የሚያውቀው ባይትኮድ (ለማሽኑ የተዘጋጁ ትእዛዞች) የያዘ የክላስ ፋይል ነው። ፋይሉ ደንቡን እስካሟላ ድረስ የትኛው ኮምፓይለር (ሰው የጻፈውን ኮድ የሚተረጉም ፕሮግራም) እንዳወጣው ጉዳዩ አይደለም። ሌሎች ቋንቋዎች፣ ስካላ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ክሎዠር በ2007፣ ኮትሊን 1.0 ደግሞ በ2016 የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። ኮዳቸው መጀመሪያ ወደ ጃቫ ይቀየራል የሚሉም አሉ። አይቀየርም፤ ኮምፓይለሮቹ በቀጥታ ባይትኮድ ያወጣሉ።

«ለጃቫ ያለው ኮምፓይለር ጃቫክ ብቻ ነው»

ኮድ መጻፊያው ፕሮግራም ኤክሊፕስ የራሱ አለው። እኔ የምወድለት ጠባይም አለው፦ አንድ ሜተድ (ስም ተሰጥቶት የሚጠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ስህተት ቢኖርም የቀረውን ኮምፓይል አድርጎ ያስነሳላችኋል። ፕሮግራሙ የሚወድቀው እዚያ ሜተድ ላይ ሲደርስ ነው። ጃቫክ ግን እንዲህ ዓይነት ነገር አይወድም። በነገራችን ላይ የዛሬው ጃቫክ መሠረቱ የስካላው ፈጣሪ ማርቲን ኦደርስኪ የጻፈው ኮምፓይለር ነው።

«ከጃቫ ውጭ ያሉት ቀርፋፋ ናቸው»

ትንሽ እውነት አለው። ኮትሊንና ስካላ የዳታ ዓይነቶችን አስቀድመው ስለሚለዩ ባይትኮዳቸው ከጃቫ ብዙም አይርቅም። ማሽኑም ደጋግሞ የሚሠራውን ክፍል እያየ ወደ ማሽን ኮድ ይለውጠዋል። የተቸገሩት የትኛው ሜተድ እንደሚጠራ በሥራ ሰዓት የሚወስኑት፣ እንደ ግሩቪና ጄሩቢ ያሉት ቋንቋዎች ነበሩ። ለእነሱ ተብሎ በ2011 ጃቫ 7 ላይ ኢንቮክዳይናሚክ የተባለ ትእዛዝ ተጨመረ። ጃቫ 8 ደግሞ ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፈንክሽን) ሲያመጣ ይህንኑ ተጠቀመበት! ስለ ፍጥነት ማማረር ካስፈለገ የስካላን የኮምፓይል ጊዜ ማንሳት ይሻላል።

«ኮትሊን ለመጀመር ሁሉን እንደ አዲስ መጻፍ ግድ ነው»

ኧረ አይደለም። አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ሁለቱም ይኖራሉ። መጀመሪያ የኮትሊን ኮምፓይለር የጃቫ ፋይሎቹንም እያነበበ የራሱን ይጨርሳል፤ ከዚያ ጃቫክ የወጡትን የክላስ ፋይሎች ይዞ ይቀጥላል። አንድ ነገር ግን አትርሱ። ኮትሊን በኑል (ምንም ዋጋ የለም ማለት ነው) ላይ የሚያደርገው ጥበቃ ከጃቫ ለሚመጣ ዋጋ በራሱ አይሠራም። ኑል ይሁን አይሁን ስለማያውቅ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ፕሮግራሙም በሥራ ላይ ሳለ ሊወድቅ ይችላል። ከኮትሊን በሚጠሩት የጃቫ ሜተዶች ላይ ኑል ሊመልሱ መቻል አለመቻላቸውን የሚያሳይ አኖቴሽን (ኮድ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) አድርጉ።