አንጻራዊ እርጥበት ምንድን ነው? ከመታጠቢያ ቤት ሻጋታ ጋርስ ምን አገናኘው?

ክረምት በገባ ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ምክር ከሰው ወደ ሰው ይዘዋወራል፤ «የውጭው አየር እርጥበቱ 90 በመቶ ስለሆነ የመታጠቢያ ቤታችሁን መስኮት ዝጉ፤ አለዚያ ሻጋታው ይብስባችኋል» የሚል። መካሪዎቹ ቁጥሩን ከአየር ትንበያ በትክክል ይወስዱታል፤ ነገር ግን የምን 90 በመቶ እንደሆነ አይጠይቁም። በሕንፃ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ ይህን ስሕተት በዝምታ ማለፍ የማልችለው፣ ምክሩን አምነው መስኮት የዘጉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚያጥቡበት ክፍል ኮርኒሱ ጠቁሮ ስለማየው ነው።

አንጻራዊ እርጥበት በአየር ውስጥ ያለው የውኃ መጠን አይደለም። በዚያ ሙቀት ሊኖር ከሚችለው ከፍተኛ የውኃ ተን ውስጥ አሁን ያለው ስንት እጅ እንደሆነ የሚገልጽ ንጽጽር ነው። ከፍተኛው መጠን ደግሞ ከሙቀት ጋር እጅግ ይለያያል፤ በ12 ዲግሪ በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 10.7 ግራም፣ በ20 ዲግሪ ወደ 17.3 ግራም፣ በ30 ዲግሪ ወደ 30 ግራም ይደርሳል።

12 መቀመጫ ያላትን ሚኒባስ እናስብ። 11 ሰው ከተሳፈረባት ከ90 በመቶ በላይ ሞልታለች። እነዚያኑ 11 ሰዎች 20 መቀመጫ ወዳለው መኪና ብናዛውራቸው ግን፣ አንድም ሰው ሳይቀነስ፣ የተያዘው መቀመጫ 55 በመቶው ብቻ ይሆናል። በ12 ዲግሪና በ90 በመቶ እርጥበት ያለ የሐምሌ ሌሊት አየር ወደ ቤት ገብቶ እስከ 20 ዲግሪ ሲሞቅ የሚሆነው ይኸው ነው፤ እርጥበቱ ወደ 55 በመቶ ይወርድና የክፍሉን ተን የሚጭንበት ብዙ ባዶ መቀመጫ ይኖረዋል። በሙቅ ውኃ ገላችንን ከታጠብን በኋላ በ24 ዲግሪ ያለው የክፍሉ አየር ግን አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ በሜትር ኩብ 20 ግራም ያህል ተሸክሟል። ይህ አየር 15 ዲግሪ የሆነውን የውጭ ግድግዳ ሲነካ መኪናው ይጠብበታል፤ በዚያ ሙቀት ቦታ የሚኖረው ለ12.8 ግራም ብቻ ስለሆነ የተረፈው ተሳፋሪ ጠብታ ሆኖ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የመቀመጫውን ብዛት የሚወስነው በእርግጥ አየሩ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ቢሆንም ከላይ የሰጠኋቸው ቁጥሮች የማይለወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ተከራካሪ ደግሞ መለኪያ ገዝቶ «ክፍሌ 60 በመቶ ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ ግድግዳው ውኃ ያስገባል፣ ውኃ የማያሳልፍ ቀለም ይቀባ» ይላል። መለኪያው የሚናገረው ስለተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። በ20 ዲግሪ 60 በመቶ የሆነው ያው አየር 15 ዲግሪ በሆነ ግድግዳ ላይ ከ80 በመቶ ያልፋል፤ ሻጋታ ደግሞ ጠብታ አይጠብቅም፣ ይህን ያህል እርጥበት ለቀናት ካገኘ ሳሙናና አቧራ በያዘው ልስን ላይ ይበቅላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጥቁሩ ነጠብጣብ መጀመሪያ በውጭኛው ጥግና በኮለኑ (በኮንክሪት ምሰሶው) መስመር የሚወጣውም፣ ድፍኑ ኮንክሪት ውስጡ ክፍት ከሆነው ብሎኬት ይልቅ ሙቀትን ፈጥኖ ወደ ውጭ ስለሚያሳልፍ ነው። ቀለሙ ያንን ጥግ አያሞቀውም።

ስለዚህ ከታጠቡ በኋላ የሳሎኑን በር ዘግቶ የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት መክፈት፣ ግድግዳና ወለሉን በጎማ መጥረግ፣ ልብስን እዚያ አለማስጣት ይጠቅማል። መስኮት የሌለው ክፍል ማውጫ ፋን ያስፈልገዋል፤ ፋኑም አየሩን በእርግጥ ወደ ውጭ ማድረስ አለበት፣ ከበሩ ሥርም አየር የሚገባበት ክፍተት ካልተተወለት በከንቱ ይሽከረከራል። በረኪና ከሴራሚክ ላይ ያለውን ሻጋታ ያነሣል፤ የእርጥበቱን ምክንያት ግን አይነካም። አሲድነት ካለው የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይደባለቅ።

ይህ ሁሉ ለደጋ አገር ነው። በዱባይ ወይም በጅዳ በጋ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከባሕር የሚነፍሰው ሞቃት አየር በኤሲ ወደቀዘቀዘ ክፍል ሲገባ ተኑን እዚያው ያራግፋል፣ ስለዚህ በዚያ ያላችሁ ወገኖቻችን መስኮት ዘግታችሁ የመታጠቢያ ቤቱን ተን በፋን ብታወጡት ይሻላል።

በእርግጥ ቧንቧ የሚያፈስበት ወይም ከላይ ያለው ቤት ውኃ የሚያወርድበት ጊዜ አለ። ለመለየት ደረቅ በሆነ ሰዓት ቁራጭ ፕላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ አንድ ሁለት ቀን መተው ይበቃል። ውኃው በክፍሉ በኩል ባለው ገጽ ላይ ከታየ ከአየሩ የመጣ ነው፤ ከፕላስቲኩ ሥር ከተገኘ ግን እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ነውና ቀለም ቀቢ ከመጠራቱ በፊት የቧንቧ ሠራተኛ ይጠራ።