የመጀመሪያዎቹ ፖሊሲዎች ሚዛን በሲቪላይዜሽን 5

ሲቪላይዜሽን 5 ፋይራክሲስ ጌምስ ሠርቶት በ2010 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ፣ ተራ በተራ የሚጫወቱት የስትራቴጂ ጌም ነው። ዋና ዲዛይነሩ ጆን ሼፈር ነበር። ተጫዋቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት አንድ ሰፋሪና አንድ ጦረኛ ይዞ ይነሳል፤ ዋና ከተማውን ይቆረቁራል፤ ከዚያም ሕዝቡን ከዘመን ወደ ዘመን እያሻገረ እስከ ጠፈር ያደርሳል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ገና በጠዋቱ ከሚመጡት ውሳኔዎች የማኅበራዊ ፖሊሲን ምርጫ ያህል ዳፋው ሩቅ የሚሄድ የለም።

ፖሊሲ የሚገዛው በባህል ነጥብ ነው። በመደበኛው ፍጥነት የመጀመሪያው 25 ነጥብ ይጠይቃል። ቤተ መንግሥቱ በየተራው የሚያስገኘው 1 ብቻ ስለሆነ ብዙ ተጫዋች ቶሎ ብሎ ሐውልት ያስገነባል፤ እሱም 2 ይጨምርለታል። ቀጣዮቹ ፖሊሲዎች አንዱ ከሌላው እየተወደዱ ይሄዳሉ፤ ከተማ በበዛ ቁጥር ደግሞ ዋጋቸው ይበልጥ ይንራል። የተወሰደ ፖሊሲ አይመለስም። ብሬቭ ኒው ወርልድ የተባለው ሁለተኛው ማስፋፊያ በ2013 ሲወጣ የፖሊሲ ዘርፎቹ ዘጠኝ ሆኑ። ከእነዚህ አራቱ፣ ማለትም ትራዲሽን፣ ሊበርቲ፣ ኦነርና ፓይቲ፣ ከጥንቱ ዘመን ጀምሮ ክፍት ናቸው። እያንዳንዱ ዘርፍ የመክፈቻ ጥቅም፣ አምስት ፖሊሲዎችና ሁሉንም ላጠናቀቀ የሚሰጥ ማሳረጊያ አለው።

አራቱ እኩል ተመዝነው የቀረቡ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይደሉም። በከፍተኛ የክብደት ደረጃ የሚጫወት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትራዲሽንን ከፍቶ በአራት ከተማ ይረጋል። የዚህ መዛነፍ ምክንያት በፖሊሲዎቹ ላይ በተጻፉት ቁጥሮች ብቻ አይገኝም። ጌሙ ደስታን፣ ወርቅንና ሳይንስን የሚያሰላበት መንገድ ለአንዱ ዘርፍ ያደላል።

ከትራዲሽን እንጀምር። መክፈቻው ለዋና ከተማው በየተራው 3 ባህል ይሰጣል፤ ይህ ቀጣዩን ፖሊሲ ያፋጥናል። ሊጋሊዝም በመጀመሪያዎቹ አራት ከተሞች ለእያንዳንዳቸው አንድ የባህል ሕንፃ በነፃ ያቆማል። በነፃ የተገኘ ሕንፃ የጥገና ወጪ የለበትም፤ ስለዚህ ጥቅሙ በአንድ ጊዜ ስጦታ አያበቃም፣ በየተራው ከካዝና የሚድን ወርቅም ነው። ላንድድ ኤሊት የዋና ከተማውን ምግብ ያሳድጋል። ሞናርኪ በዋና ከተማው ከሚኖሩ ሁለት ሁለት ዜጎች 1 ወርቅ እያስገኘ 1 ቅሬታ (የደስታ ተቃራኒ የሆነውን ነጥብ) ይቀንሳል፤ ከተማው 20 ዜጋ ሲደርስ በየተራው 10 ወርቅ ይገባል፣ 10 ቅሬታም ይነሳል ማለት ነው። ማሳረጊያው የሁሉንም ከተሞች ዕድገት በ15 በመቶ ከፍ አድርጎ ለአራቱ ከተሞች የውሃ ማስተላለፊያ ቦይ በነፃ ይሰጣል። እነዚህ ጥቅሞች አንዱ ሌላውን ይመግባሉ። ምግቡ ዜጋ ያበዛል፣ ዜጋው በሞናርኪ በኩል ወርቅ ይሆናል፣ በወርቁ ደግሞ ቤተ መጻሕፍትና ዩኒቨርሲቲ ይገዛል ወይም ይጠበቃል።

ሊበርቲ ለሚስፋፋ ሕዝብ የተሰናዳ ነው። በየከተማው 1 ባህል፣ በሪፐብሊክ 1 ምርት፣ በኮሌክቲቭ ሩል አንድ ነፃ ሰፋሪ፣ በሲቲዝንሺፕ አንድ ነፃ ሠራተኛ፣ በሪፕረዘንቴሽን ወርቃማ ዘመን፣ በማሳረጊያው ደግሞ ተጫዋቹ የመረጠውን ታላቅ ሰው (እንደ ሳይንቲስት ወይም መሐንዲስ ያለ ልዩ ባለሙያ) ያስገኛል። ለመጀመሪያዎቹ ተራዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ከትራዲሽን ያይላል ብዬ አምናለሁ። በሠላሳኛው ወይም በአርባኛው ተራ ላይ አንድ ተጨማሪ ከተማና አንድ ተጨማሪ ሠራተኛ ያለው ተጫዋች በእርግጥ ይቀድማል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አንደኛው ደስታ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ከተማ 3 ቅሬታ ይዞ ይወለዳል፣ እያንዳንዱ ዜጋም 1 ይጨምራል። አዲስ ዓይነት የቅንጦት ሀብት የሚሰጠው 4 ደስታ ብቻ ስለሆነ፣ ሀብቱ ያልያዘ ቦታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ለሌሎቹ ሸክም ይሆናል። ሊበርቲ ለዚህ ያዘጋጀው መድኃኒት ሜሪቶክራሲ ሲሆን፣ ከዋና ከተማው ጋር ለተገናኘ ከተማ ሁሉ 1 ደስታ ይሰጣል። መገናኘት ግን መንገድ ይጠይቃል፣ መንገድም በየተራው የጥገና ወርቅ ይበላል። የትራዲሽን መድኃኒት ወርቅ እየጨመረ ቅሬታ ይቀንሳል፤ የሊበርቲው ወርቅ እያስወጣ ነው።

በብሬቭ ኒው ወርልድ ደግሞ ወርቁ ራሱ ጠበበ። ከዚያ በፊት ወንዝ ዳር ያለ መሬትና ባሕር ያስገኙት የነበረው ወርቅ ተነስቶ በንግድ መስመሮች ተተካ። መስመሩን የሚሠራው የነጋዴ ጓዝ፣ ካራቫን፣ የሚመደበው በከተማ ብዛት ስላልሆነ፣ ስድስት ከተማ ያለው ተጫዋች የስድስት ከተማ የሕንፃ ጥገና እየከፈለ የንግድ መስመሩ ግን አራት ከተማ ካለው አይበልጥም። በዚያው ማስፋፊያ እያንዳንዱ ተጨማሪ ከተማ የቴክኖሎጂዎችን የሳይንስ ዋጋ በመደበኛ ስፋት ካርታ ላይ በ5 በመቶ እንዲያንር ተደረገ። በሳይንስ ላይ የ50 በመቶ ጭማሪ የሚሰጠው ናሽናል ኮሌጅም በሁሉም ከተሞች ቤተ መጻሕፍት ካልተሠራ አይጀመርም። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ከተማ የቆረቆረ ሰው ኮሌጁ ይዘገይበታል፤ የዘገየ ኮሌጅ ደግሞ መቶ ተራ ሙሉ ይታወቃል።

የዲዛይነሮቹ ሐሳብ የገባኝ ይመስለኛል። በ2010 በወጣው የመጀመሪያ ቅጂ ትንንሽ ከተሞችን ጎን ለጎን መደርደር ከሁሉ የበለጠ አዋጪ ስልት ነበር፤ ካርታው በከተማ ይጨናነቅና ለየከተማው የሚሰጥ ትኩረት ይጠፋ ነበር። ያንን ለመግታት የወጡት ሕጎች ግን ተደራርበው መስፋፋትን ራሱን ቀጡ፣ የመስፋፋት ፖሊሲ የሆነው ሊበርቲም አብሮ ተመታ። ዲዪቲ በሚባለው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ደግሞ ኮምፒዩተሩ የሚመራቸው ሥልጣኔዎች ከአንድ በላይ ሰፋሪ ይዘው ስለሚነሱ፣ የሚስፋፉበት መሬት ቀድሞ ይያዛል።

ኦነር ሌላ ዓይነት ችግር አለበት። መክፈቻው አረመኔዎችን፣ ማለትም የማንም ሥልጣኔ ያልሆኑ ወራሪዎችን፣ ለሚወጋ ጦር የ33 በመቶ ብርታትና በእያንዳንዱ ግዳይ የባህል ነጥብ ይሰጣል፤ ከግዳይ ሁሉ ባህል ለሚያገኙት ለአዝቴኮች ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን አረመኔዎቹ ካርታው ሲሞላ ይጠፋሉ፣ የቀሩት ፖሊሲዎችም የሚያገለግሉት ጦርነት ሲኖር ብቻ ነው። ፓይቲ በብሬቭ ኒው ወርልድ ወደ ጥንቱ ዘመን ተዛውሮ መስገጃዎችንና ቤተ መቅደሶችን በግማሽ ጊዜ እንዲያስገነባ ቢደረግም፣ ምግብም ምርትም አይሰጥም። ከትራዲሽን በኋላ የሚመረጥ ዘርፍ ነው፤ በፊት ሲሆን ከተሞቹ ተርበው ይቆያሉ።

ሚዛኑ ለሁሉም ሥልጣኔ አንድ አይደለም። ቬኒስ ሰፋሪ ማሠራት አትችልም፤ ሊበርቲን ይዛ ኮሌክቲቭ ሩል ስትደርስ ግን በሰፋሪው ፈንታ ነፃ የከተማ መንግሥትን መግዛት የሚችል የቬኒስ ነጋዴ ታገኛለች። ሕንድ በከተማ ብዛት የሚመጣው ቅሬታ እጥፍ፣ በዜጋ ብዛት የሚመጣው ግማሽ ስለሚሆንባት ወደ ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ታዘነብላለች።

ለእኛ አንባቢዎች ግን ከሁሉም የሚቀርበው የኢትዮጵያ ምሳሌ ነው። ኢትዮጵያ ወደ ጌሙ የገባችው በ2012 በወጣው ጎድስ ኤንድ ኪንግስ ማስፋፊያ ሲሆን መሪዋ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የአድዋ መንፈስ የተባለው መለያዋ፣ ከእሷ የበለጠ ከተማ ካለው ሥልጣኔ ጋር ስትዋጋ ለጦሯ የ20 በመቶ ብርታት ይሰጣል። መሐል ሰፋሪ የተባለው ልዩ ጦሯም ለዋና ከተማው በቀረበ መጠን ይበረታል። ሁለቱም ለጥቂት ከተማ የተሠሩ ናቸው፣ ስለዚህ በሊበርቲ መስፋፋት የራሷን ጋሻ መጣል ይሆናል። በተለመደው ሐውልት ፈንታ የምትሠራው ስቴሌ ከ2 ባህል በተጨማሪ 2 እምነት ይሰጣል፤ የሃይማኖት መነሻ ደረጃ የሆነው ፓንቲዮን ለመጀመሪያው መሥራች 10 እምነት ስለሚጠይቅ አንድ ስቴሌ በአምስት ተራ ያደርሳታል። እዚህ ላይ እውነተኛ ምርጫ አለ። ሊጋሊዝም ስቴሌን በነፃ ስለሚሰጥ በሁለተኛውና በሦስተኛው ከተማ እሱን መጠበቅ ያዋጣል፤ በዋና ከተማው ግን መጠበቅ ሌሎች ፓንቲዮኑን እንዲቀድሙ መፍቀድ ነው። የዋና ከተማውን ስቴሌ ቶሎ ሠርቶ ትራዲሽንን መክፈት፣ ሊጋሊዝምን ሁለተኛ ማድረግና ምርቱን ወደ ሰፋሪ ማዞር ከሁሉ የተሻለው አካሄድ ይመስለኛል። ዋና ከተማው ቀድሞ ስቴሌ ስላለው፣ የእሱ የነፃ ድርሻ በኋላ አምፊቲያትር ሆኖ ይመጣለታል።

መዛነፉን ለማቃናት ከተደረጉት ሙከራዎች ሰፊው የተጫዋቾች ማኅበረሰብ ያዘጋጀው ቮክስ ፖፑሊ የተባለ ማሻሻያ ነው። እዚያ የመነሻ ዘርፎቹ ትራዲሽን፣ ፕሮግረስና ኦቶሪቲ የሚባሉ ሦስት ሆነዋል፤ የፓይቲ ቦታ በመካከለኛው ዘመን በሚከፈተው ፊልቲ ተይዟል። የደስታና የወርቅ ስሌቱም አብሮ እንደ አዲስ ተሠርቷል፤ ያለዚያ ቁጥር መቀያየር ብዙም አይፈይድም ነበር።

በ2016 የወጣው ሲቪላይዜሽን 6 ደግሞ ፖሊሲን በመንግሥት ሥርዓቱ ላይ የሚሰካ ካርድ አደረገው። ተጫዋቹ መጀመሪያ የሚያገኘው አንድ የጦርና አንድ የኢኮኖሚ ቦታ ነው። ለዋና ከተማው 1 እምነትና 1 ወርቅ የሚሰጠውን ጎድ ኪንግ ከያዘ ፓንቲዮን እስኪያገኝ ይጠቀምበታል፤ ከዚያ ቀጣዩን ሲቪክ፣ ማለትም በባህል ነጥብ የሚገኘውን ግኝት፣ ሲያጠናቅቅ ያለ ክፍያ አውጥቶ በየከተማው 1 ምርት የሚጨምረውን ኧርባን ፕላኒንግ ያስገባል። ከተማ በበዛ ቁጥር ሳይንስን የሚያስወድደው ቅጣትም በዚህ ቅጂ የለም፤ አሁን የሚጎዳው በጥቂት ከተማ የቆመው ነው።