በስርዓተ ክወና ማሻሻያ ጊዜ የተስተካከሉ የኮንፊገሬሽን ፋይሎችን ስለ መጠበቅ

በሊኑክስና በሌሎች የዩኒክስ ቤተሰብ ስርዓተ ክወናዎች የፕሮግራሞችን አሠራር የሚወስኑት የኮንፊገሬሽን ፋይሎች በአብዛኛው ኢቲሲ በሚባለው ማውጫ ውስጥ ይቀመጣሉ። ስርዓቱ ወደ አዲስ እትም ሲሸጋገር አዘጋጁ የራሱን አዲስ ፋይል ይዞ ይመጣል፤ በቀድሞው ፋይል ላይ ግን የስርዓቱ አስተዳዳሪ ያስገባቸው ለውጦች ይኖራሉ። የትኛው ይጽና የሚለውን ለመወሰን ሁለቱን ፋይሎች ማየት ብቻ አይበቃም፤ ለውጡን ማን እንዳመጣው የሚታወቀው መጀመሪያ የተጫነው ቅጂ ምን ይመስል እንደነበር ሲታወቅ ነው።

ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ዲፒኬጂ የተባለው የፓኬጅ (ለጭነት የተዘጋጀ የፕሮግራም ጥቅል) ማስተዳደሪያ ለዚህ ሲል የመጀመሪያውን ፋይል የኤምዲ5 አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ ተሰልቶ የሚገኝ መለያ ኮድ፣ መዝግቦ ያቆያል። አስተዳዳሪው ያልነካውን ፋይል በአዲሱ ይተካል፤ አዘጋጁ ያልለወጠውን እንዳለ ይተወዋል፤ ሁለቱም ወገኖች በተለያየ መንገድ ከለወጡት ግን ቆም ብሎ ይጠይቃል፣ የተለየ ምርጫ ካልተሰጠውም የአስተዳዳሪውን ያጸናል። በሌላው የፓኬጅ ማስተዳደሪያ በአርፒኤም ሁለቱም ወገኖች ፋይሉን ሲለውጡት ውሳኔው ፓኬጁን ባዘጋጀው ሰው ምልክት ላይ ይመሠረታል፦ «አትተካ» የሚል ምልክት ያለው የኮንፊገሬሽን ፋይል በቦታው ይቆይና አዲሱ «አርፒኤምኒው» የሚል ቅጥያ ይዞ በአጠገቡ ይቀመጣል፤ ያለዚያ አሮጌው «አርፒኤምሴቭ» ተብሎ ወደ ጎን ይደረጋል። ከዩኒክስ ቤተሰብ የሆነው ፍሪቢኤስዲ ደግሞ ኢቲሲአፕዴት በተባለ መሣሪያ ሦስቱን ቅጂዎች፣ የመጀመሪያውን፣ የአስተዳዳሪውንና አዲሱን፣ አገናዝቦ ያዋህዳል።

አሮጌውን ፋይል ማቆየት ሁልጊዜ ደኅንነት አይደለም። አፓቺ የተባለው የድረ ገጽ አገልጋይ ፕሮግራም ከ2.2 ወደ 2.4 እትም ሲሸጋገር የመዳረሻ ፈቃድ ደንቦች አጻጻፍ ስለ ተለወጠ፣ የቀድሞውን ፋይል እንዳለ ያቆየ አስተዳዳሪ ደንቦቹን መመርመር ነበረበት። ስለዚህ ከማሻሻያ በኋላ በአጠገብ የተቀመጡትን አዳዲስ ቅጂዎች ፈልጎ ማነጻጸር የሥራው ግማሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የአዘጋጁን ፋይል አለመንካት ነው። በሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሳና የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ የአዘጋጁን ፋይሎች ዩኤስአር በተባለው ማውጫ ሥር ያኖራል፤ አስተዳዳሪው የለወጣቸውን መስመሮች ብቻ በኢቲሲ ሥር በትንሽ ተጨማሪ ፋይል ይጽፋል። ከርቀት ወደ ኮምፒውተር ለመግባት የሚያገለግለው ኦፕንኤስኤስኤች የአገልጋይ ኮንፊገሬሽን ከሌላ ፋይል መስመሮችን እንዲያስገባ የፈቀደው በ2020 በወጣው 8.2 እትም ነው፤ በእርሱ ዘንድ ግን የሚጸናው መጀመሪያ የተነበበው እሴት በመሆኑ የፋይሎቹ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው።

ኢቲሲኪፐር የተባለው መሣሪያ መላውን የኢቲሲ ማውጫ የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ በሚይዘው ጊት በተባለ ፕሮግራም ይመዘግባል፣ ከፓኬጅ ጭነት በፊትና በኋላም ለውጡን ያስቀምጣል። ጊት የፋይል ባለቤትነትን ስለማይዝ ኢቲሲኪፐር ይህን ለብቻው ይጽፋል፤ ማከማቻው የይለፍ ቃል አሻራዎችን ጭምር ስለሚይዝም ለሌሎች ክፍት ወደሆነ ቦታ መላክ የለበትም።