«የእህል አምራቾች ማኅበር» ምንድን ነው? ነጋዴ ያልሆነው የገበሬ ድርጅት

አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ ካናዳ ስንዴ አምራቾች ሲጽፍ፣ ማኅበራቸው አንድ ኩንታል ስንዴ እንኳ ሳይሸጥ ዕድሜውን ጨረሰ፤ ስለዚህ ከስሙ በቀር የፈየደው ነገር የለም ሲል ደምድሟል። እንዲህ ያለውን ፍርድ ሳነብ የመጀመሪያዬ አይደለም። አለመሸጡ እውነት ነው። ነገር ግን ዕድር «ዕጣ አላወጣልኝም» ተብሎ ይከሰሳል?

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። «ገበሬ ማኅበር» ስንል ሐሳባችን የሚሄደው በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወደቆመው፣ መሬት ወደሚደለድለው ማኅበር ነው። ከዚያ ቢያልፍ ማዳበሪያ ወደሚያቀርበው ዩኒየን ነው። የአምራቾች ማኅበር ሁለቱንም አይደለም። አባላቱ የሚነግዱበት ሕግና ሥርዓት እንዲስተካከል ይሟገታል እንጂ ራሱ ሚዛን ይዞ ገበያ አይወጣም።

ወደ ነገሩ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ1901 በካናዳ ሜዳማ ምድር የስንዴው ምርት ከባቡሩ አቅም በላይ ሆነ። ገበሬው ያለው ምርጫ እህሉን ለኤሌቬተር ባለቤት መሸጥ ነበር። (ኤሌቬተር እዚህ ላይ ከሐዲድ ዳር የሚቆም ረጅም የእህል ማከማቻ ነው፤ አንድ ጊዜ «አሳንሰር» ተብሎ ተተርጉሞ አንብቤ መጽሐፉን አጥፌዋለሁ።) ደረጃውን፣ ለቆሻሻ የሚቀነሰውን ክብደትና ዋጋውን የሚወስነው ገዢው ነው። ከዚህ ማምለጫው ፉርጎ ተከራይቶ በቀጥታ መጫን ነበር፤ ፉርጎ ግን ለገበሬው አይደርስም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ገበሬዎቹ ኢንዲያን ሄድ በምትባል ከተማ ተሰብስበው የቴሪቶሪው እህል አምራቾች ማኅበርን መሠረቱ (ቴሪቶሪ ሲባል ያኔ ገና ክፍለ ሀገር ያልሆነ ግዛት ነው)። ሊቀ መንበሩ ዊሊያም ማዘርዌል ነበሩ።

የማኅበሩ ትልቁ ሥራ አንድ መዝገብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የእህል ንግድ ሕጉ ተሻሽሎ፣ በየጣቢያው የፉርጎ ጠያቂዎች ስም በተራ እንዲጻፍና ፉርጎውም በዚያው ተራ እንዲታደል ተደነገገ። በ1902 መከር ሲንታሉታ በተባለች ጣቢያ የባቡር ኩባንያው ወኪል ተራውን አላከበረም። ማኅበሩ ከሰሰው፤ ወኪሉ ጥፋተኛ ተብሎ 50 ዶላር ተቀጣ፤ ኩባንያው ይግባኝ ቢልም ፍርዱ ጸና። ገንዘቡ ለባቡር ኩባንያ ምንም አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ግን ስሙ መዝገቡ ላይ ቀድሞ የሰፈረ ገበሬ ፉርጎውን ቀድሞ መጠየቅ ቻለ። ይህ በየትኛው የሽያጭ ደረሰኝ ላይ ይገኛል?

ንግዱን የጀመረው ሌላ ድርጅት ነው። የሲንታሉታው ገበሬ ኤድዋርድ ፓርትሪጅና ጓደኞቹ በ1906 ዊኒፔግ ላይ የእህል አምራቾች የእህል ኩባንያን አቋቋሙ። ይህ ዕቁቡ ነው። የአንድ ሰፈር ሰው የዕድርም የዕቁብም አባል እንደሚሆን፣ እነሱም በሁለቱም ውስጥ ነበሩ፤ መዝገቡና ሣጥኑ ግን ለየቅል ነው። ኩባንያው ትርፉን እንደየሰዉ ጭነት መልሶ ለማከፋፈል በማሰቡ የዊኒፔግ የእህል ገበያ ከአባልነት መቀመጫው አገደው፤ በ1907 የማኒቶባ መንግሥት ጫና አሳድሮ ተመለሰ።

በ1923 እና በ1924 የመጡት የስንዴ ፑሎችስ (ገበሬዎች ስንዴያቸውን በአንድነት የሚሸጡባቸው ድርጅቶች)? እነሱም ዕቁብ ናቸው፣ ግን ለየት ያለ ዕቁብ። ገበሬው እህሉን ሲያስረክብ ከፊሉን ክፍያ ይቀበላል፤ የቀረው ሁሉም ተሸጦ ሒሳቡ ሲታወቅ ይደርሰዋል። ለ1929 ምርት በቡሼል አንድ ዶላር አስቀድመው ከፈሉ፤ ዋጋው ከዚያ በታች ወረደ። ሰብሳቢው ያልገባ ገንዘብ ቀድሞ ያደለበት ዕቁብ ማለት ነው። (የስንዴ ቡሼል 27 ኪሎ ግራም ግድም ነው፤ የዚያን ዘመን ዋጋ ወደ ኩንታል የሚመነዝር ሰው መጀመሪያ የእህሉን ደረጃና የማስረከቢያውን ቦታ ይጠይቅ። ያለዚያ የሚያገኘው ቁጥር ትርጉም የለውም።) ይህን ኪሳራ በማኅበሩ ስም መጻፍ፣ ዕቁቡ ቢበተን ዕድሩን ድንኳን እንደ ማስከፈል ነው።

ማኅበሩ ስሙን ግዛቱ ሳስካችዋን የተባለ ክፍለ ሀገር ሲሆን ወደ ሳስካችዋን እህል አምራቾች ማኅበር ለውጦ ቆይቶ በ1926 ከሌላ የገበሬዎች ድርጅት ጋር ተዋሐደ። ታዲያ «እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ ስንዴውን በብቸኝነት የሸጠው ማነው?» የሚል ይኖራል። ያ የካናዳ የስንዴ ቦርድ ነው፤ በ1935 በመንግሥት ሕግ የተቋቋመ። ከ1943 ጀምሮ የምዕራብ ካናዳ ገበሬ ለአገር ውጭና ለሰው ምግብ የሚሆን ስንዴውን ወደደም ጠላም በእሱ በኩል እንዲሸጥ ሕጉ ያስገድደው ነበር። እምቢ ብሎ መውጣት የማይቻልበት ዕቁብም ሆነ ዕድር ደግሞ አላውቅም።