የሌዘር ጫማና ልብስ አያያዝ፦ ከደበሎ እስከ ሊስትሮ

የቆዳ አያያዝ ማለት ጫማ፣ ጃኬት፣ ቀበቶና ቦርሳ እንዳይደርቁ፣ እንዳይሰነጠቁና እንዳይሻግቱ ማጽዳት፣ ማለስለስና በአግባቡ ማስቀመጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው ጫማውን ራሱ አይጠርግም። ለሊስትሮ ይሰጣል።

ቆዳ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ቁርበት ይነጠፍ ነበር፤ ስልቻና አቅማዳ እህል ይይዙ ነበር፤ እረኛውና የቆሎ ተማሪው ደበሎ ይለብሱ ነበር፤ የብራናው መጽሐፍም የቆዳ ማኅደር ነበረው። ፋቂዎች ሌጦ ሲያለፉ እምቧይ ይጠቀማሉ። ትልቅ ጥበብ ነው፤ ባለሙያዎቹ ግን ከክብር ይልቅ ንቀት ነበር የተረፋቸው።

ወደ ከተማው ስንመጣ ቃላቱ ጣሊያንኛ ይሸታሉ። «ካሞሾ» (ገጹ የማያብረቀርቅ፣ ጸጉራም ለስላሳ ቆዳ) እና «ማስቲሽ» (የጫማ ማጣበቂያ) ከዚያው የመጡ ናቸው። «ሊስትሮ»ም ማብረቅረቅ የሚል ትርጉም ካለው «ሉስትሮ» እንደመጣ ይነገራል።

የሊስትሮ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሥርዓት አለው። ደንበኛው እግሩን ሳጥኑ ላይ ያደርጋል። ካልሲው ቀለም እንዳይነካው ብጣሽ ካርቶን በጫማው ጎንና ጎን ይሸጎጣል። አቧራው በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል። ክረምት ከሆነ ጭቃው በሳሙና ውሃ ይታጠባል። ጫማው ሲደርቅ ቀለሙ ሳሳ ተደርጎ ይቀባል፤ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ብሩሹ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ጨርቅ ተወጥሮ አፍንጫው ላይ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ሳጥኑ በብሩሽ ጀርባ «ቋ» ካለ እግር ቀይር ማለት ነው። መነጋገር አያስፈልግም።

ጥቂት የሚቆየው በምክንያት ነው። የጣሳ ቀለም በአብዛኛው ሰም ነው። ያለሰለሰው ፈሳሽ ሲተን ሰሙ ቆዳው ላይ ይቀራል፤ ብሩሹ ሲፈትገው ይሞቅና ያበራል። በ1906 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ላይ የተጀመረው ኪዊ የሚባለው የጫማ ቀለምም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። ኪዊ የኒውዚላንድ ወፍ ነው፤ ስሙ የመጣው የመሥራቹ የዊልያም ራምሴይ ሚስት የዚያ አገር ሰው ስለነበረች ነው ይባላል። በስፖንጅ የሚቀባው ፈሳሽ ቀለም ቆዳ ያደርቃል የሚሉ አሉ፤ አያደርቅም የሚሉም አሉ። ለጥድፊያ ይሆናል፤ የሊስትሮን እጅ ግን አይተካም።

ካሞሾ ላይ ቀለም አይቀባም። ደርቆ በብሩሽ ብቻ ይጸዳል። በዝናብ የራሰ ጫማ ከሰል ምድጃ አጠገብ አይቀመጥም፤ ሙቀቱ ቆዳውን ያኮማትረዋል፣ እንደ እንጨትም ያደርገዋል። ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ላይ መተው ይሻላል። ጋዜጣው ሲርስ ይቀየራል።

ጃኬት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በተለይ ከበግ ቆዳ የተሠራው። የደጋ በጎቻችን ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው፤ የውጭ ጓንት ሠሪዎች የሚፈልጉትም ለዚህ ነው። በንግዱ ዓለም «ሰላሌ» የሚባለው የበግ ቆዳና «ባቲ» የሚባለው የፍየል ቆዳ ስማቸው ከዚሁ ከአገራችን ነው። እንዲህ ያለ ጃኬት ትከሻው ሰፋ ባለ ማንጠልጠያ ይሰቀላል፣ በጨርቅ ይሸፈናል። ፌስታል ውስጥ ታስሮ ከከረመ መስከረም ላይ ነጭ ሻጋታ አብቅሎ ይገኛል። ሻጋታው የሚጠረገው ደጅ ወጥቶ ነው። ቁም ሳጥኑ አጠገብ ከተራገፈ ወደ ሌላው ልብስ ይዛመታል።